ያላለቀ ፊልማችሁን ለጓደኞቻችሁ አሳይታችሁ እንዴት ታሻሽሉታላችሁ?

ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ የሚረዝም ፊልም ለክፍል ሥራ ወይም ለመመረቂያ ለሚሠሩ ተማሪዎች ነው። መነሻው አንድ ነገር ነው፤ ተመልካች የቱ ጋ እንደከበደው በትክክል ይነግራችኋል፣ ለምን እንደከበደው ሲናገር ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። «ይሄ ሲን ረዘመ» የሚል ሰው መሰልቸቱ እውነት ነው። መንስኤው ግን ከዚያ ሲን አራት ደቂቃ ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጓደኞቻችሁ የምትሰበስቡት ምልክት እንጂ መፍትሔ አይደለም።

መቼ ይታይ?

ሦስት ጊዜ ይበቃል፦ ስክሪፕቱ ሲነበብ፣ ራፍ ከቱ (ሲኖቹ በቅደም ተከተል የተገጣጠሙበት ያልተጣራ የመጀመሪያ ቅጂ) ሲደርስ፣ ከዚያም ምስሉ ከመቆለፉ፣ ማለትም ሾቶቹ ከእንግዲህ አይነኩም ከመባሉ በፊት።

የስክሪፕቱን ንባብ ብዙ ተማሪ ይዘለዋል፤ ከሁሉም ርካሹ ግን እሱ ነው። ተዋንያኑ ንግግራቸውን፣ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ድርጊቱን ጮክ ብሎ ያንብብ። ሰዓት ያዙ። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ልማድ የመጣው ከእንግሊዝኛው የስክሪፕት አቀማመጥና የፊደል መጠን ስለሆነ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ አትመኑት። 10 ደቂቃ ይሆናል ያላችሁት ስክሪፕት ሲነበብ 16 ደቂቃ ከፈጀ፣ ከቀረጻ በፊት ቁረጡ። ኤዲቲንግ ላይ አሳጥረዋለሁ የሚባለው ትርፍ ጽሑፍ የተዋናይ ቀን፣ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ራፍ ከቱን ከማስረከቢያው ቀን ቢያንስ 3 ሳምንት ቀድማችሁ አሳዩ። ከዚያ ካነሰ ተጨማሪ ቀረጻ ማድረግ አትችሉም፤ የማትጠቀሙበትን አስተያየት መሰብሰብ ደግሞ ድካም ብቻ ነው። ዋናውን ቀረጻ እንደጨረሳችሁ ልብሱንና ዕቃውን አትመልሱ፣ ተዋናይዋም ሹሩባዋን ከመፍታቷ በፊት እንድትነግራችሁ ተነጋገሩ። ውጭ የተቀረጸ ነገር ካለ ወቅቱን አስቡ። መጋቢት ላይ ደርቆ የቀረጻችሁት ሜዳ ሐምሌ ላይ ለምልሞ ነው የሚጠብቃችሁ።

ለማሳያ የሚሆነውን ቅጂ ማዘጋጀት

ቅጂው ያማረ መሆን አይጠበቅበትም። ግን ተመልካቹን ከታሪኩ የሚያወጣው ነገር ካለ፣ የምታገኙት አስተያየት በሙሉ ስለዚያ ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ ንግግሩን አስተካክሉ። ቃላቱ የማይሰሙ ከሆነ ሌላ ነገር የሚያወራችሁ ሰው የለም። ከፍ የሚሉት ቦታዎች ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ባለው መካከል ይሁኑ፤ በአንዱ ሾት ላይ ያለው የመንገድ ጫጫታ በሚቀጥለው ላይ በድንገት እንዳይቋረጥ ደግሞ በቀረጻው ቦታ የቀዳችሁትን ባዶ ድምፅ ከሥር ዘርጉ። ለዚህ ነው በየቦታው 30 ሰከንድ ያህል ማንም ሳይናገር መቅዳት ያለባችሁ። የቀለም እርማት አሁን አያስፈልግም።

ሙዚቃ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አንድ የታወቀ የትዝታ ዜማ ከሚያሳዝን ሲን ሥር ካስገባችሁ፣ ሰዎቹ ዓይናቸው እንባ ያቀረረው ለሲኑ ይሁን ለክራሩ አታውቁም። ዜማውን ለመጠቀም ፈቃድ ካላገኛችሁ ደግሞ በመጨረሻው ቅጂ ላይ ያ ስሜት ከዜማው ጋር አብሮ ይጠፋል። ራፍ ከቱን ያለ ሙዚቃ አሳዩ። ያለ ሙዚቃ የቆመ ሲን በሙዚቃም ይቆማል።

ገና ያልተቀረጸ ሾት ካለ ቦታውን ባዶ አትተዉት፤ ጥቁር ላይ በነጭ «ሰላም በሩን ከፍታ ትገባለች» ብላችሁ ጻፉና ሾቱ የሚፈጀውን ያህል፣ 4 ሰከንድ ከሆነ 4 ሰከንድ፣ አቆዩት። ይህ ሪትሙን ያድናል።

በስክሪኑ ጥግ ላይ ታይም ኮድ (ፊልሙ ስንተኛው ደቂቃና ሰከንድ ላይ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር) ይታይ። ከኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ በዳቪንቺ ሪዞልቭ ዎርክስፔስ ከሚለው ሜኑ ውስጥ ዳታ በርን ኢን የሚለውን ክፈቱ፤ በፕሪሚየር ደግሞ ኤክስፖርት ስታደርጉ የታይም ኮድ ምርጫ አለ። በስልክ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ የማጫወቻው ሰዓት ይበቃል። በፋይሉ ስም ላይ የፊልሙን ስም፣ የቅጂውን ቁጥርና ቀኑን ጻፉ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» እያሉ መሰየም በሦስተኛው ሳምንት የቱ የቱ እንደሆነ ያጠፋባችኋል።

በ1080 ፒ፣ በኤች 264፣ በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ካወጣችሁት የ10 ደቂቃ ፊልም 600 ሜጋ ባይት ገደማ ይመጣል። በቴሌግራም መላክ ካለባችሁ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቅና ታይም ኮዱ ራሱ ሊደበዝዝ ይችላል። በአካል ማሳየት ግን ሁልጊዜ ይሻላል። ፕሮጀክተርና ስፒከር ያለበት ክፍል ያዙ፣ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ፣ አንድ ቅጂ በፍላሽ ይኑራችሁ። መብራት ከሄደ ስድስት ሰው እንደገና ማሰባሰብ ቀላል አይደለም።

ማንን ትጠራላችሁ?

ከ5 እስከ 7 ሰው። ከዚያ ካነሰ የአንዱ ሰው ጠባይ ይገዝፋል፤ ከበዛ ደግሞ ውይይቱ ስብሰባ ይሆናል።

ከመካከላቸው ቢያንስ ሦስቱ ስክሪፕቱን ያላነበቡ ይሁኑ። ስክሪፕቱን የሚያውቅ ሰው ፊልሙ ውስጥ የሌለውን ነገር ከራሱ ይሞላዋል፣ ለእናንተም «ግልጽ ነው» ይላችኋል። አንዱ ደግሞ ፊልም የማያጠና ሰው ይሁን፤ ከኢንጂነሪንግ ወይም ከነርሲንግ ክፍል የሚመጣ ተማሪ ስለ ሌንስ አያወራችሁም፣ «ልጅቷ እህቱ ናት ሚስቱ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ይሄ ከሌንሱ በላይ ያስፈልጋችኋል። ተዋንያኑንና ካሜራማኑን አትጥሩ። ተዋናይ ራሱን ነው የሚያየው፤ ካሜራማን ደግሞ ሦስት ሰዓት የለፋበት ሾት እንዲወጣ አይፈልግም።

ፊልሙን አይቶ የማያውቅ ዓይን የሚያልቅ ሀብት ነው። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው አንዴ ብቻ ነው። 12 ፈቃደኛ ካላችሁ 6ቱን ለራፍ ከቱ፣ 6ቱን ለሚቀጥለው ቅጂ አስቀምጡ። በየቀኑ የሠራችሁትን ለሁሉም እየላካችሁ አታባክኗቸው።

የማሳያው ሰዓት

ለ10 ደቂቃ ፊልም 75 ደቂቃ ያዙ።

ፊልሙን ያለ መግቢያ ጀምሩ። «ታሪኩ ስለ አንድ ልጅ ነው፣ ያው በጀት አልነበረንም…» ካላችሁ ፈተናው ተበላሸ፤ ሰዎቹ የነገራችኋቸውን ይፈልጋሉ። ስለ ፊልሙ የምትሉት «ቀለሙና ሙዚቃው ገና ነው» ብቻ ነው። ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይታይ። ዳይሬክተሩ ከጎን ይቀመጥና ስክሪኑን ሳይሆን ሰዎቹን ይመልከት። ስልክ የተነሳበትን፣ ወንበር ላይ የተንቀሳቀሱበትን፣ የሳቁበትንና መሳቅ ሲገባቸው ያልሳቁበትን ደቂቃ ይመዝግብ። ከአስተያየቱ ሁሉ የማይዋሸው ይሄኛው ነው።

ፊልሙ እንዳለቀ ማንም አይናገር። ወረቀት አድሉና 7 ደቂቃ በዝምታ ይጻፉ። ይህ ለእኛ ተማሪዎች በተለይ ያስፈልጋል። ይሉኝታ አለ፤ ፊት ለፊት ሲጠየቅ «አሪፍ ነው፣ በርቱ» ብሎ የማይወጣ ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ በክፍሉ ጎበዝ የሚባለው ልጅ መጀመሪያ ከተናገረ የቀሩት የእሱን ሐሳብ ነው በሌላ ቃል የሚደግሙት። በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ግን አይለወጥም። ስም አይጻፍ፤ ስክሪፕቱን አንብቦ ከሆነ ብቻ ጥግ ላይ ምልክት ያድርግ። ወረቀቱ ላይ አምስት ጥያቄ ይበቃል፦

1. ዋናው ሰው ማን ነው? ምን ይፈልጋል?
2. ግራ የገባችሁ የቱ ጋ ነው? (ደቂቃውን ጻፉ)
3. የሰለቻችሁ የቱ ጋ ነው? (ደቂቃውን ጻፉ)
4. ዓይናችሁ ላይ የቀረው ምስል የትኛው ነው?
5. ቢወጣ የማይጎድላችሁ ነገር ምንድን ነው?

«ወደዳችሁት ወይ?» የሚል ጥያቄ አታስገቡ። መልሱ ይታወቃል።

ከዚያ ስክሪፕቱን ካላነበቡት አንዱ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይናገር፤ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ማንም አያርመው። የዘለለው ነገር ፊልሙ ውስጥ ያልደረሰ ነገር ነው፤ የጨመረው ነገር ደግሞ ፊልሙ ሳያውቅ የተናገረው ነው። ሌሎቹ እነሱ በተለየ መንገድ የተረዱትን ብቻ ይጨምሩ።

ቀጥሎ በየተራ ይናገሩ፤ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ። አንድ ሰው ጸሐፊ ይሁን፣ ዳይሬክተሩ አይጻፍ፣ መልስም አይስጥ። ይሄ ከባድ ነው። «እዚህ ጋ እኮ ያሰብነው…» ብላችሁ ካስረዳችሁ ሰውየው ይስማማል፣ እናንተም ችግሩ የተፈታ ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ፊልሙን የሚያይ ሌላ ሰው አጠገብ ቆማችሁ አታስረዱም። የዳይሬክተሩ ተራ በመጨረሻ ነው፣ እሱም ለመጠየቅ ብቻ፤ ቀደም ብሎ ያዘጋጃቸውን ሦስት ጥያቄዎች ያቅርብ። አሜሪካዊቷ የዳንስ ባለሙያ ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረችው የአስተያየት አሰጣጥ ሥርዓትም ቅደም ተከተሉ ትንሽ ቢለይም ተመሳሳይ ሐሳብ አለው፦ መጀመሪያ ተመልካቹ ትርጉም የሰጠው ነገር፣ ቀጥሎ የሠሪው ጥያቄ፣ ከዚያ የተመልካቹ ገለልተኛ ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ ሠሪው ፈቃድ ከሰጠ ብቻ አስተያየት። የዳንስ ሰዎች የሠሩት ነው ብላችሁ አትናቁት።

ጊዜ ከተረፈ ፊልሙን እያስቆማችሁ ድገሙት። የገባ ማይክ፣ የተሳሳተ ፊደል፣ ከሾት ሾት የሚለዋወጥ የቡና ሲኒ፣ እነዚህን የምትለቅሙት ያኔ ነው፤ በሌላ ወረቀት ላይ ይያዙ።

አስተያየት ሰጪው ምን ይበል?

ከማሳያው በፊት ለተጋባዦቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ ያያችሁትንና የተሰማችሁን ከነደቂቃው ተናገሩ፤ እንዴት እንደሚስተካከል ለኛ ተዉት። «ትወናው ደካማ ነው» ምንም አያሠራም። «03:12 ላይ ደብዳቤውን አንብባ ሳትጨርስ ያለቀሰች መሰለኝ» የሚለው ግን ቀጥታ ኤዲቲንጉ ላይ ይወስዳችኋል፤ ምናልባት ሾቱ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ተቆርጦ ነው። «እኔ ብሆን መጨረሻው ላይ እገድለው ነበር» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። አትከራከሩት፤ «አሁን ባለው መጨረሻ ላይ ምን ጎደለህ?» ብላችሁ መልሱለት።

ምልክቱን ከመንስኤው ጋር ማገናኘት

በዚያው ቀን ማታ አትቁረጡ። ስሜቱ ይብረድ፣ በማግስቱ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ አስገቡ፦ ደቂቃው፣ የተባለው ነገር በተናጋሪው ቃል፣ ስንት ሰው እንዳለው፣ የተጠረጠረው መንስኤ፣ መንስኤው ያለበት ደቂቃ፣ የሚጠይቀው ሥራ (ኤዲቲንግ፣ ድምፅ ወይም ተጨማሪ ቀረጻ)፣ ውሳኔያችሁ። ከ6 ሰው 3ቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ። የአንድ ሰው አስተያየት ይቆይ፣ ግን አይጣል።

በተደጋጋሚ የሚመጡት ምልክቶችና መንስኤዎቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

«ረዘመ» ሲባል እጅ ወዲያው ወደ መቁረጫው ይሄዳል። መጀመሪያ ሦስት ነገር ፈትሹ። ሲኑ ቀድሞ የታወቀ ነገር እየደገመ ነው? ከሚገባው በላይ ቀድሞ ይጀምራል? በር ተንኳኩቶ፣ ተከፍቶ፣ «ደህና ናችሁ፣ ልጆቹስ፣ ሥራስ» ተባብለው እስኪቀመጡ 40 ሰከንድ የሚፈጅበት የተማሪ ፊልም ብዙ ነው፤ ሰላምታው በኑሯችን ግድ ቢሆንም ፊልሙ ከተቀመጡ በኋላ መጀመር ይችላል። ሁለቱም ካልሆኑ፣ ተመልካቹ ሲኑ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚነግረው መረጃ ቀደም ሲል አምልጦታል ማለት ነው።

«ትወናው የውሸት ይመስላል» ከተባለ ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «እኔ ይህንን ጉዳይ ፈጽሞ አልቀበለውም» ብሎ እናቱን የሚያናግር ሰው የለም። ንግግሩን መቀየር ካልቻላችሁ የሚናገረውን ትታችሁ የሚሰማውን ሰው ፊት አሳዩ፤ ብዙ ደካማ ትወና በአድማጭ ፊት ይድናል።

«ግራ ገባኝ» የሚለው ከሁሉ ቀላሉ ነው። ሁለቱ ወንዶች ተመሳሳይ ጃኬት ለብሰዋል፣ ወይም ጊዜው ማለፉን የሚያሳይ ነገር የለም፣ ወይም ካሜራው የ180 ዲግሪውን መስመር (በሁለቱ ተነጋጋሪዎች መካከል የሚታሰበውን መስመር) አልፎ የሚያወሩት ሰዎች አንድ አቅጣጫ ሲመለከቱ ይታያሉ።

«ዳብ የተደረገ ይመስላል» ካሉ ድምፁና ከንፈሩ ተለያይቷል። በስልክ የተቀረጸ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስልኩ በሰከንድ የሚይዘው የፍሬም ብዛት ወጣ ገባ መሆኑ ነው፤ ሾቱ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ኦሪጅናሉን ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ቀይራችሁ መልሳችሁ አስገቡት። «መብራቱ ይርገበገባል» ካሉ ግን ሻተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከመብራቱ ጋር አልተስማማም። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ መሆን ነበረበት። ይህን ኤዲቲንግ ላይ ማጥፋት አድካሚ ነው፤ ሾቱ ቁልፍ ከሆነ ድጋሚ ቅረጹት።

ሁለት ሰው «ረዘመ»፣ ሁለት ሰው «አጠረ» ያሉት ሲን ካለ አትደናገሩ፣ አማካዩንም አትፈልጉ። የሲኑ ዓላማ አልለየለትም፤ እያንዳንዱ የራሱን ፊልም እያየ ነው።

አንድ ማሳያ በቅርበት

የ9 ደቂቃ ፊልም እናስብ። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለቤተሰቧ ቤት ጣሪያ የምትልከውን ገንዘብ ወንድሟ ለሌላ ያውለዋል። እናት ታውቃለች፤ ዝም ትላለች። 05:40 ላይ እናትና ወንድ ልጇ ይፋጠጣሉ፣ ሲኑ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። ከ6 ሰው 4ቱ «ረዘመ» ብለው ጽፈዋል። አንዷ ብቻ «እናትየው በምን እንደተቆጣች አልገባኝም» ብላለች።

ቁልፉ የአንዷ ወረቀት ነው። ታሪኩን የተናገረው ሰው የሐዋላውን ደረሰኝ ጨርሶ አላነሳውም። ደረሰኙ 01:20 ላይ አለ፤ ግን በሰፊ ሾት፣ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ፣ ለአንድ ሰከንድ ተኩል። ኤዲተሩ መቶ ጊዜ ስላየው ይታየዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግን ሲኒዎቹን ነው የሚያየው። ስለዚህ እናትየዋ ማወቋን ተመልካቹ አያውቅም፤ 05:40 ላይ ያለው ዝምታዋም ባዶ ሆኖ ይረዝምበታል።

መፍትሔው የ05:40ን ሲን መቁረጥ አይደለም። የእናትየዋ እጅ ደረሰኙን አንስቶ ሲያጥፈውና መቀነቷ ውስጥ ሲሸጉጠው የሚያሳይ ክሎዝ አፕ ነው፤ 5 ሰከንድ። ፊት ስለማይታይ ሙሉ ቡድን አይፈልግም፤ ያው ቀሚስ፣ ያው መቀነት፣ ከመስኮት የሚገባ ያው የጠዋት ብርሃን፣ ግማሽ ቀን። ስክሪን ላይ የሚነበብ ነገር ሲኖር ደግሞ አይቶት የማያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ በዝግታ እስኪያነበው ይቆይ። ይህ ከገባ በኋላ ፍጥጫውን ሳትነኩት ለአዲስ ተመልካች አሳዩት። ከዚያም «ረዘመ» ካሉ ያኔ ቁረጡ።

የማስተካከሉ ቅደም ተከተል

ሴኩዌንሱን (በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ ሾቶቹን የደረደራችሁበትን) ሳታባዙ ምንም አትንኩ። መጀመሪያ የሲኖቹን ቅደም ተከተልና ጨርሶ የሚወጡትን፣ ቀጥሎ በየሲኑ ውስጥ ያለውን፣ ከዚያ ድምፁን፣ መጨረሻ ቀለሙን። አንድ ቀን ቀለም ያስተካከላችሁለት ሲን በማግስቱ ቢወጣ የምትቆጩት ለሲኑ ሳይሆን ለቀለሙ ነው፣ በዚህም ምክንያት መውጣት ያለበት ሳይወጣ ይቀራል። በእያንዳንዱ ቅጂ ምን እንደቀየራችሁ ሦስት አራት መስመር ጻፉ። መምህሩ የትኛውን አስተያየት ለምን እንደተቀበላችሁና ለምን እንደተዋችሁ ከጠየቃችሁ፣ ይህና ሠንጠረዡ መልስ ይሆኗችኋል።

መተው መብታችሁ ነው። «መጨረሻው ክፍት ሆነብኝ» ካሏችሁና እናንተ የፈለጋችሁት ክፍት እንዲሆን ከነበረ፣ ጥያቄው ሌላ ነው፦ የተጨነቁት ስለ ሰዎቹ ዕጣ ነው ወይስ ፊልሙ ማለቁን ስላላወቁ? የመጀመሪያው ከሆነ ተዉት። ሁለተኛው ከሆነ የመጨረሻውን ሾት 3 ሰከንድ አስረዝሙና ስም ዝርዝሩ ከመምጣቱ በፊት ድምፁ ቀስ ብሎ ይውረድ።

ሥራውን የሚያበላሹ ነገሮች

በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አስተያየት አትሰብስቡ። የመጀመሪያው ሰው «አሪፍ» ካለ ከሥሩ አሥር የአውራ ጣት ምልክት ይደረደራል። በግል ለጸሐፊው ይላኩ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ነጥብ የሚሰጣጡ ከሆነ፣ ማሳያውንና ነጥቡን ለያዩ። ያለዚያ «ያንተን አመሰግናለሁ የኔን አመስግን» ይጀመራል፣ ወይም ባለፈው ሳምንት ፊልሙ የተነካበት ልጅ ዛሬ ብድሩን ይመልሳል። መምህሩ ካሉ መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ በትህትና ጠይቋቸው፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚቃወም ተማሪ አይኖርም።

ምስሉ ተቆልፎ ድምፁ ከተቀናበረ በኋላ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ለፊደል። የግርጌ ጽሑፉንና የስም ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያንብብ። ጸሐይ ትሁን ፀሐይ፣ ኃይሌ ይሁን ሃይሌ፣ ስሙን ባለቤቱ በሚጽፍበት ፊደል ጻፉ። አስተያየት ለሰጧችሁ ሰዎችም በምስጋናው ውስጥ አንድ መስመር አስቀምጡላቸው፤ ለሚቀጥለው ፊልማችሁ የምትጠሯቸው እነሱኑ ነው።